ስለ አንቀጽ አራትና ስለ ጭሳችን

ጨፌ ሜዳ፣ ሰኔ 14 ቀን 1966 ዓ.ም.

ለክቡር ግራዝማች አድማሴ አራጌ
የእህል ዕደላና የወጣቶች ምክር ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

አስቀድሜ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። ሰኔ ገብቶ ጉሙ ከገደሉ ሥር መውጣት ስለ ጀመረ፣ ብርዱ ጉልበትዎን እንዳይዘው፣ በቢሮዎ ጥግ ያለው የከሰል ምድጃም ሳይጠፋ እንዲከርምልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። የመንደራችን የጨፌ ሜዳ ሰዎችም፣ ማለትም ድምፅ የቀራቸው፣ ሰላም በይልን ብለውኛል።

ሐረግ ቢተው እባላለሁ። ላያስታውሱኝ ይችላሉ። ባለፈው መጋቢት ለምክር ከጠሯቸው ስምንት ወጣቶች መካከል በመስኮቱ በኩል የተቀመጥሁት ነኝ። «አንቺ ደሞ የማን ልጅ ነሽ?» ብለው ጠይቀውኝ፣ የቢተው ልጅ መሆኔን ስነግርዎ «አወቅሁት፣ አወቅሁት፣ ሰላም በይልኝ» ብለውኝ ነበር። አባቴ ካረፈ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ሆኖም የበላይ ትእዛዝ ነውና ሰላምታዎን መቃብሩ ድረስ ሄጄ አድርሻለሁ።

አምና ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቄ ወደዚህ የተመለስሁት የአገሬን ልጆች አስተምራለሁ ብዬ ነው። ክፍሉን አገኘሁት፣ ጥቁር ሰሌዳውንም አገኘሁት። ተማሪዎቹ ግን ከጥቅምት ወዲህ በየሳምንቱ እየጎደሉ ሄደው፣ ጥር ላይ ስም ስጠራ «አቤት» የሚሉኝ አራት ልጆች ብቻ ቀሩ። ስለዚህ በየካቲት ያ ሁሉ ነገር ሲፈነዳ፣ ወታደሩ ሲነሣ፣ ካቢኔው ሲወርድ፣ ሬዲዮኑም ከእንግዲህ ሕዝቡና ወጣቱ በጉዳዩ ይመክራል ማለት ሲጀምር፣ በዚህ አገር እኔን ያህል የተደሰተ ሰው አልነበረም። የእርስዎ የጥሪ ወረቀት ሲደርሰኝ ቀሚሴን ሁለት ጊዜ ነው የተኮስሁት። ይህን የምጽፈው ደስታዬ ቂልነት ነበር ለማለት አይደለም። ዛሬም ቢጠሩኝ እመጣለሁ። ቀሚሱን ግን አልተኩሰውም፤ ለመተኮስ ፍም ያስፈልጋል፣ ፍም ደግሞ እኛ ሰፈር ከጠፋ ሰነበተ። ምስጋናዬና ቅሬታዬ እንዳይቀላቀሉብዎ በተራ በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ጥሪው እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ። ወለል ለመጥረግ ካልሆነ በቀር ወጣት ወደዚያ አዳራሽ ሲገባ ያን ዕለት የመጀመሪያው እንደ ሆነ ነግረውናል፣ እኛም አምነናል። «ልጆቼ፣ ከእንግዲህ ያለ እናንተ ምክር አንዲት መሥመር አትነደፍም» ሲሉ፣ ከጎኔ የተቀመጠው ስማቸው የሚባለው የግብርና ምሩቅ በጆሮዬ «ይቺን ቃል በጽሑፍ እንዲሰጡን እንጠይቅ» ቢለኝ፣ በክርኔ ጎሽሜ ዝም ያሰኘሁት እኔ ነኝ። ከዚያም ለእያንዳንዳችን አዲስ እርሳስ ታደለን። ከደሴ የመጣው ፎቶግራፍ አንሺ እርሳሳችንን ወረቀቱ ላይ አሳርፈን ቀና እንድንል አዝዞ አነሣን። ፎቶግራፉ እንዳበቃ እርሳሱ ተሰበሰበ። ምክራችንን የጻፍነው በዚሁ በስማቸው እስክርቢቶ ለስምንት እየተቀባበልን ነው። ይህን የማነሣው ስለ እርሳሱ ቅር ብሎኝ አይደለም፤ ፎቶግራፉ ዛሬም ከወንበርዎ በላይ ተሰቅሎ ስለማየው፣ እዚያ ላይ ያለው ወረቀት ሁሉ ባዶ መሆኑን ለእንግዶችዎ የሚያስረዳልኝ ሰው ባለመኖሩ ነው።

ሁለተኛ፤ እዚህ ላይ የምከስሰው ራሴን ነው፤ ስለዚህ ዘና ብለው ሊያነቡት ይችላሉ።

ቅሬ ምን እንደ ሆነ ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል፤ ነገር ግን ደብዳቤው ግልጽ ስለ ሆነ ከሩቅ የመጡ እንግዶችዎም ሊያነቡት ይችላሉና እጽፈዋለሁ። ሰው ሲሞት ጥሪ የሚያሰማው፣ መቃብር የሚቆፍረው፣ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም በአንድ ትከሻ የሚሸከመው ማኅበራችን ነው። የጨፌ ሜዳው ቅሬ ዳኛ አያ አሻግሬ ናቸው። ቅሬው ታዲያ ሥራው ሰው ከሞተ በኋላ ብቻ አይደለም። ጧት ጧት ሴቶች ደጅ ሲወጡ መጀመሪያ የሚያዩት የጎረቤትን ጣራ ነው። ከሣር ክዳኑ ጭስ ካልወጣ፣ ወይ እሳቷ ጠፍቶባታል፣ ወይ ታማለች፣ ወይ የምትጥደው የላትም ማለት ነውና፣ አንዷ ፍም በሸክላ ስባሪ፣ በገል ይዛ ትሄዳለች። «እሳት አመጣሁልሽ» ብሎ መግባት ነው እንጂ «ተርበሻል ወይ» ተብሎ አይጠየቅም፣ ነውር ነው። ከፍሙ ጋር በነጠላዋ ሥር የያዘችው ቆሎም ካለ ከምድጃው አጠገብ ይቀመጣል፤ ስለ እሱም አይነገርም። ባዶ ገል ይዞ እሳት ሊጭር የመጣንም ሰው ከደጅ መመለስ ከዚያ የባሰ ነውር ነው፤ ደመኛ እንኳ አይመለስም።

እኔ ምሩቋ ይህን እያየሁ ዝም ማለት አቃተኝ። ማሠልጠኛው ውስጥ መለኪያ የሚባል ነገር ተምሬ ነበር። ሰው መራቡን በቀላሉ የሚያሳይ መለኪያ እነሆ አገኘሁ ብዬ፣ በዕደላው ዕቅድ ረቂቃችን አንቀጽ አራት ላይ በራሴ እጅ እንዲህ ጻፍሁ፤ «ሁለት ቀን ጭስ ያልታየበት ቤት፣ ምዝገባ ሳይጠበቅ፣ በቅሬው በኩል ቀድሞ እህል ይድረሰው።» ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርሁበት። አያ አሻግሬ ዘንድ ሄጄ ሳነብላቸው፣ «ልጄ፣ ይቺ የሴቶች ዓይን ናት። ወረቀት ላይ ስትወጣ የማን ዓይን እንደምትሆን እኔ አላውቅም» አሉኝ። የሽማግሌ ስጋት መስሎኝ «አብሽሩ፣ አያ አሻግሬ» ብዬ እየሣቅሁ ወጣሁ።

ሦስተኛ፤ በሚያዝያ መጨረሻ ዕቅዱ ታትሞ ወጣ። በሽፋኑ ላይ «በወጣቶች ሙሉ ተሳትፎ የተዘጋጀ» ይላል፤ ከሥሩም የስምንታችን ስም ከነአባታችን ተደርድሯል። ለክብሩ አመሰግናለሁ። ከረቂቃችን ሃያ ሁለት አንቀጽ ውስጥ ክረምቱ መንገዱን ሳይዘጋ እህሉ በየቅሬው ይከማች ያልነው የለም፣ መኪና በማይደርስበት በአጋሰስ ይጫን ያልነው የለም፣ ለገበሬው ዘር ይሰጠው ያልነውም የለም። የተረፈው አንቀጽ አራት ብቻ ነው። አልደብቅዎትም፣ ኮራሁ። ከዚያ አነበብሁት። «ጭስ የታየበት ቤት የሚጥደው ያለው መሆኑ በወጣቶቹ ጥናት ስለ ተረጋገጠ፣ ከዕደላው ዝርዝር ይሰረዛል» ይላል።

ሮጬ ቢሮዎ መጥቼ እንዲህ አላልንም ብዬ ብጮህብዎ፣ እንደ አባት አስቀምጠው በትዕግሥት ያስረዱኝን ዘወትር አስታውሰዋለሁ። «ያላችሁት እኮ ይኸው ነው። ጭስ የሌለው ይረዳ ካላችሁ ጭስ ያለው አይረዳም ማለት ነው። እኛ ገልበጥ አድርገን አየነው እንጂ ምን ጨመርን?» አሉኝ። ሻይም ጋበዙኝ። ለስማቸው ብነግረው፣ «ኮት ገልብጠው ነዋ የለበሱት። ኮቱ ያው ያንቺ ነው፣ ኪሱ ብቻ ወደ ውስጥ ገባ» ብሎ ሣቀብኝ። ሲሥቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው መጨረሻው።

አራተኛ፤ ተቆጣጣሪውን አቶ ሞላን ስለ ላኩልን ላመሰግን ይገባኛል። ትጉህ ሰው ናቸው። ጎሕ ሲቀድ ከመንደራችን ማዶ ካለው ጉብታ ላይ ወጥተው፣ ካፖርታቸውን ደርበው፣ በትልቅ የሩቅ ማያ መነጽር እስኪረፍድ ጣራ ጣራችንን ይቃኛሉ። ገደሉን ተሻግረው መንደሩ ውስጥ ገብተው አያውቁም፤ አንቀጹ መግባት አይጠይቅም። ከዚያ ርቀት ጭሱ ከየትኛው ክዳን እንደ ወጣ ለመለየት ስለሚያስቸግር፣ አንድ ጣራ ሲያጨስ ዙሪያውን ያሉትን ቤቶች አብረው ይሰርዛሉ። ለምን እንደሆነ ብጠይቃቸው ለጥንቃቄ ነው አሉኝ።

እዚህ ላይ ስለ ሳማ ጥቂት መናገር ይኖርብኛል፤ በኮሚቴው ስብሰባ ላይ ሲቀርብ አላየሁትምና። ከብቱ ካለቀ፣ ዘሩም ከተበላ ወዲህ በየጓሮው የቀረልን ሳማ ነው። ሳማ ጥሬውን አይበላም፣ አፍ ይልጣል፣ የሕፃን ጉሮሮ ይዘጋል። እስኪበስል መቀቀል አለበት። ሲቀቀል ደግሞ ይጨሳል። ስለዚህ የጨፌ ሜዳ ሰው ዛሬ ሳማውን ቀቅሎ ከመብላትና ጾሙን አድሮ የስንዴውን ቀን ከመጠበቅ አንዱን እንዲመርጥ ፈቅደውለታል። ባላገሩ በዚህ ዓይነት ጉዳይ ላይ እንዲመርጥ ሲፈቀድለት ከለውጡ በፊት አይተን እንደማናውቅ ለመመስከር ዝግጁ ነኝ።

ሰዉም መረጠ። እሳቱን አጠፋ። መጀመሪያ ጥቂት ቤቶች ነበሩ፤ ኋላ እርስ በርስ መጠባበቅ መጣ። ፍም ልታደርስላት የጎረቤቷን ጣራ ታይ የነበረችው ሴት፣ አሁን የምታየው «አጥፊው እባክሽ፣ ልታሰርዢን ነው» ልትላት ሆነ። በግንቦት ማለቂያ በጨፌ ሜዳ አንድ መቶ አርባ ቤት ውስጥ አንዲት ፍም አልነበረችም። ክብሪት የሚገዛ የለም፣ እሳት ከእሳት ነበር የሚጫረው። ደጋ ነው ክቡር ሆይ፤ እርስዎም ያውቁታል፣ ውርጩ ሲነጋ እንደ ጨው ሜዳው ላይ ይታያል።

ሰኔ 2 ቀን፣ እሑድ ጧት፣ ሀሊማ ወለደች። ባሏ ሥራ ፍለጋ ወደ ቆላ ከወረደ አምስት ወር ሆኖታል፣ ወሬውም የለ። ጎረቤቷ ወርቂቱ ቅዳሴ ውላ፣ የደብሩን ቄስ ለምና ከጥናው የተረፈውን ፍም በአመድ ሸፍና በገል ይዛ መጣች። ሌሎቹ «ተይ፣ ይቅርብሽ» ቢሏት፣ «ይሰርዙኝ። አራስ በብርድ አስቀምጬ ነገ ለማን ነው ስንዴ የምቀበለው?» አለች። አንድ ድስት ውኃ አሞቁ። በተረፈው እሳት አንድ ድስት ሳማ ቀቀሉ። አቶ ሞላ እሑድም አይቀሩም። ሀሊማ፣ ወርቂቱ፣ ዙሪያቸውን ያሉትም ዘጠኝ ቤቶች፣ በድምሩ አሥራ አንድ ቤት ተሰረዘ። አራስ ጥየቃ ስሄድ ሀሊማ ሕፃኑን በጡቷ ሥር ሸጉጣ፣ «ወላሂ ሐረግዬ፣ ልጄን እስከ ዛሬ የመዘገበልኝ የለም፣ ጭሴን ግን በዚያው ሰዓት መዘገቡልኝ» አለችኝ። ወርቂቱ ሣቀች። እኔ አልቻልሁም።

የሚቀጥለውን ጉዳይ ቁጥር ልሰጠው አልደፈርሁም። ቅሬታ ይሁን ምስጋና መለየት ስላቃተኝ ነው።

እማማ አበቡ ከመንደሩ ጫፍ ብቻቸውን የሚኖሩ ባልቴት ነበሩ። እሳት ከተከለከለ ወዲህ ከእሳቸው ጣራ አንድም ቀን ጭስ አልታየም። ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ሲቆጣጠሩ፣ «እማማ አበቡን አታይም? ብረት ናቸው እኮ፣ አንዲት ቀን እንኳ አልፈተናቸውም» እያሉ ለምሳሌ ይጠሯቸው ነበር። ሰኔ 7 ቀን በመጋዘኑ ግቢ ዕደላ ሲደረግ፣ አቶ ሞላ ዝርዝሩን ዘርግተው «ከሁሉ በፊት በአርአያነት» ብለው የእማማ አበቡን ስም አነበቡ። አቤት የሚል ጠፋ። ደክሟቸው ይሆናል ተብሎ አያ አሻግሬ በእሳቸው ፈንታ ተቀበሉላቸው። ስንዴውን በገዛ ትከሻቸው ተሸክመው ያን ሁሉ መንገድ ወጡ፤ የመጀመሪያ ተጠሪ መሆናቸውን ሊያበሥሯቸው ነው። ከደጃፉ ሆነው ሁለቴ ተጣሩ። ከዚያ ጆንያውን መሬት አስቀመጡት።

ከሞቱ ስንት ቀን እንደ ሆናቸው ገናዡም ሊናገር አልፈለገም። በቀብሩ ላይ አያ አሻግሬ፣ «ያረቢ፣ ሠላሳ ዓመት ይህን ቅሬ ስመራ ጥሪ ሳላሰማለት የሰነበተ ሬሳ አይቼ አላውቅም ነበር» አሉ። ቀጥለውም፣ «ቀድሞ ጭስ ሲታጣ እንሄድ ነበር። አሁን ጭስ ሲታጣ እናመሰግናለን። ዓይናችንን ወሰዱብን» አሉ። ወደ እኔ አላዩም። አንቀጽ አራት በማን እጅ እንደ ተጻፈች ግን ከቀባሪው መካከል የማያውቅ አልነበረም፤ ስሜን ከነአባቴ አትመውልኛላ። አንዲት ሴት ከኋላዬ ሆና ነጠላዬን አስተካከለችልኝና ሄደች። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በቢሮዎ ሰሌዳ ላይ በተለጠፈው የሳምንቱ መግለጫ ላይ ጨፌ ሜዳ «የተረጋጋ» መባሉን፣ ወይዘሮ አበቡም ከተረጂዎች ራስ ላይ መጻፋቸውን አንብቤ ተጽናንቻለሁ። በመላው ዕቅድ ውስጥ የአንቀጹን መስፈርት ያለ አንዳች ጉድለት ያሟሉ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው። ተቀባይዋ ስላልተገኙ ስንዴው ይመለስ ብለው አቶ ሞላ በማግሥቱ መልእክት ልከው ነበር፤ ቅሬው ግን ለቀብሩ ንፍሮ ቀቅሎት ስለ ነበር ሊመለስ አልቻለም። ንፍሮው ጭሷል። ለዚያ ጭስ ስንት ቤት እንደ ተሰረዘ እስካሁን አልተነገረንም፤ ሲመችዎ ቢያሳውቁን።

ክቡር ሆይ፣ አሁን ወደ ልመናዬ እገባለሁ፤ አንዲት ናት። በአጅባር በኩል ያለፉት ሁለት የጭነት መኪናዎች ይዘውት የመጡት ስንዴ ሰኞ ሰኔ 17 ቀን ይታደላል። ከዚያ በኋላ መንገዱ ጭቃ ነው፣ እስከ መስከረም መኪና አይመጣም። በሰኞው ዝርዝር ላይ ያልተጻፈ ሰው መስከረም ላይ አቤት ሊልዎ አይመጣም፤ ይህን በጥላቻ አልጽፈውም፣ የቀን ቁጥር ነው። ሀሊማ ተሰርዛለች። አራስ ናት፣ ወተቷም እየነጠፈ ነው፤ ሕፃኑ ሲያለቅስ ድምፁ ከደጅ አይሰማም። ስለዚህ አንቀጽ አራትን እንደ ጻፍነው ይመልሱልን፤ የሰኞውንም ስም ዝርዝር ከጉብታ ላይ አቶ ሞላ ሳይሆን ከመንደሩ ውስጥ ቅሬው ይጥራው። አንድ መሥመር ነው። በእርሳስ እንኳ ይበቃል።

ይህንኑ በቃል ለመናገር ረቡዕ ቢሮዎ መጥቼ ነበር። ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ መሆንዎን ነገሩኝ። የምን ስብሰባ ነው ብል፣ ሰኞ ከአዲስ አበባ የሚመጡ እንግዶች ስላሉ፣ የወጣቶች ተሳትፎ በእህል ዕደላው ያስገኘውን ውጤት የሚያሳይ ገለጻ እየተዘጋጀ ነው አሉኝ። እኔ ከወጣቶቹ አንዷ ነኝ ብላቸው፣ «ገለጻው አልቋል፣ አይቸገሩ» ብለው በትሕትና በሩን ዘጉልኝ። በአገናኝ መንገዱ ሳልፍ ከእንግዳ ማረፊያው ጓሮ የሽንኩርትና የቅቤ ሽታ መጣ። ለእንግዳ መዘጋጀት ባህላችን ነው፣ እኔም አልነቅፍም።

ይህን ደብዳቤ በትምህርት ቤቱ ግድግዳና በገበያው ዋርካ ላይ የምለጥፈው እርስዎን ለማሳጣት አይደለም፤ በፖስታ ቢላክ ከገለጻው በኋላ እንደሚደርስዎ ስለማውቅ ነው። ስሜንም አልደብቅም፤ አስቀድመው አትመውት ምን ብዬ እደብቀዋለሁ? የምጠየቅ ከሆነ የምገኘው ባዶው ክፍል ውስጥ ነው፤ ጧት ጧት አሁንም ስም እጠራለሁ።

ምድጃዎ የሞቀ፣ እንግዶችዎም የጠገቡ እንዲሆኑ እየተመኘሁ፣ በአዳራሽዎ ፎቶግራፍ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ለዘለዓለም ባዶ ወረቀት ላይ እርሳስ አሳርፌ የምኖር፣ ታዛዥዎና የዕቅድዎ ሙሉ ተሳታፊ፣

ሐረግ ቢተው
መምህርት፣ ለጊዜው ያለ ተማሪ

ግልባጭ፦
ለጨፌ ሜዳ ቅሬ፣
ለአቶ ሞላ፣ ጉብታው ላይ፣
ለእማማ አበቡ፣ ባሉበት።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ዛሬ ጧት ደብዳቤውን ጨርሼ ከግብርና ምሩቁ ከስማቸው ጋር ወደ ጉብታው ወጥተን ነበር። አቶ ሞላ ለእንግዶቹ ዝግጅት ትናንት ወደ ከተማ ተጠርተው ሄደዋል፤ በጥድፊያው መነጽራቸውን ድንጋይ ላይ ረስተውታል። አያ አሻግሬ፣ ወርቂቱ፣ ሕፃኑን ያዘለች ሀሊማ፣ ሌሎችም ከእኛ ቀድመው ወጥተው ተቀምጠዋል። ፊታቸውን ያዞሩት ግን ወደ መንደሩ አልነበረም፣ ወደ ከተማው፣ ወደ መካነ ሰላም ነው። መነጽሩን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ያያሉ። ጉሙ ሲከፈት ከቆርቆሮ ጣራዎቹ መካከል አንድ ወፍራም ጭስ ቀጥ ብሎ ይወጣ ነበር። ሀሊማ ወደ እኔ ዞራ፣ «ሐረግዬ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ ወረቀቱ ጭስ የታየበት ቤት የሚጥደው አለው ነው የሚለው?» አለችኝ። አዎ፣ እንዲያ ይላል አልኋት። «ታትሟል?» አለች። ታትሟል አልኋት። አንቀልባዋን አጠበቀች።

ወርደው ሄደዋል። ከየጎረቤት መንደሩም እየተቀላቀሏቸው ነው፤ ስማቸው እስከ መቶ ስድሳ ቆጥሮ ተወው። ለጤነኛ የግማሽ ቀን መንገድ ነው፣ እነሱን ግን እስከ ሰኞ ጧት ይወስዳቸዋል። ዱላ አልያዙም፣ አይጮኹምም። እያንዳንዳቸው ባዶ ገል ይዘዋል፤ እሳት ሊጭሩ ነው የሚመጡት፣ በእኛ ዘንድ ገል ይዞ የመጣ ሰው ከደጅ እንደማይመለስ ከላይ ጽፌልዎታለሁ። ምድጃውን አስቀድመው ቢያጠፉት እንደማይጠቅምዎ ግን በትሕትና ላሳስብ እወዳለሁ፤ ጭሱ ከየትኛው ጣራ እንደሚወጣ እኛ እንደ አቶ ሞላ አንሳሳትም።